ክራር በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር

ሐርጌሳ ውስጥ ለቀረጻ የሚመች ሰፈር ምረጥ ብባል ዳሚን አልመርጥም። የገቦዬ ማኅበረሰብ የሚኖርበት፣ ከኢትዮጵያ የመጣን ሰዎችም ቤት የምንከራይበት ሰፈር ነው። ብረት ይቀጠቀጣል፣ ባጃጅ ያልፋል፣ ጄኔሬተር ያጓራል። የእኔ ክፍል ግድግዳው ያልተለሰነ ብሎኬት፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ትርፍ ጊዜዬን ክራርና ድምፅ እየቀረጽኩ የማሳልፈው እዚያው ነው።

ጀማሪዎች ቀድመው የሚጠይቁኝ የማይክ ዋጋ ነው። እኔ ደግሞ ስለ ክፍላቸው እጠይቃቸዋለሁ። ብሎኬትና ሲሚንቶ ድምፅን መልሶ ይወረውራል፤ ውድ ኮንደንሰር ማይክ ያንን ሁሉ ለቅሞ ያስገባዋል። እንዲህ ባለ ክፍል ለዘፋኝ ተራ ዳይናሚክ ማይክ ይሻላል። ፍራሹን ከዘፋኙ ጀርባ አቁሙት፤ ማይኩ ፊቱን ያዞረው ወደዚያ ነውና። የእንቁላል ትሪ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ጄኔሬተርን አያስቆምም። ወፍራም ድምፅ ብርድ ልብስንም ዘልቆ ይገባል። መድኃኒቱ ሰዓት መምረጥ ነው፤ እኔ የምሠራው ሰፈሩ ከተኛ በኋላ፣ የንጋቱ አዛን ሳይሰማ ነው።

ክራር ሲቀረጽ ማይኩን ሳጥኑ ቀዳዳ ላይ መደቀን ድምፁን ጎርናና ያደርገዋል። ሁለት ስንዝር ያህል ራቅ አድርጌ፣ ቀኝ እጅ ክሩን ወደሚመታበት አዘነብለዋለሁ። ቀኝ እጅ ክሮቹን በአንድነት ሲመታ የግራ እጅ ጣቶች የማይፈለጉትን ያፍናሉ። ያ የታፈነ ክር የሚሰጠው ደረቅ ምት የዜማው ከበሮ ነው። ብዙዎች ጉድፍ መስሏቸው በኮምፒውተር ያጠፉታል፤ ያኔ ክራሩ ሕይወት ያጣል። የድምፁ ከፍተኛ መጠን ከዜሮው 12 ዴሲቤል ዝቅ ብሎ እንዲያርፍ አደርጋለሁ። በ24 ቢት ሲቀረጽ ዝቅ ያለውን በኋላ ማንሳት ይቻላል፤ የተሰነጠቀውን ግን ማንም አያድነውም።

የኪቦርድ ተጫዋቹ ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 አሜሪካ ውስጥ አኮርዲዮን፣ ሙግና ሮድስ የተባሉ ኪቦርዶችን እና የከበሮ ማሽን ብቻውን ደራርቦ የሠራው ካሴት በ2013 እንደገና ታትሞ ዓለምን ዞሯል። በኪቦርድ መደራረብ ያዋጣል። ክራርና ዘፋኝን ግን ለያይቼ አልቀርጽም። ክራር የሚቃኘው በዘፋኙ ድምፅ ልክ ነው፤ የስልክ መቃኛ «ተሳስቷል» ቢልም ሁለቱ ከተስማሙ ትክክል ነው። አውቶቱን ደግሞ ድምፁን በፒያኖ ልክ እየጎተተ ያርመዋል። አንቺ ሆዬን በዚያ ማሽን ያሳለፈ ሰው ቅኝቱን አፍርሶታል ብዬ አምናለሁ።

ድምፅ እንዳለ ይቀመጥ ብዬ አጥብቄ የምናገረው ያለሁበት ከተማ ስላስተማረኝ ነው። ሬዲዮ ሐርጌሳ እ.ኤ.አ. በ1943 የተመሠረተ፣ የሶማሊን ዘፈን ሲያሰማ የኖረ ጣቢያ ነው። በ1988 የዚያድ ባሬ አውሮፕላኖች ከተማዋን ሲደበድቡ ሰዎች የጣቢያውን የዘፈን ቴፖች መሬት ቀብረው፣ ወደ ጅቡቲና ወደ ኢትዮጵያም አሽሽተው አተረፏቸው። ዛሬ የሐርጌሳ የባህል ማዕከል ከ10,000 በላይ ካሴቶች አሉት። ከዚህ ክምችት የተመረጡ ዘፈኖች ያሉበት አልበም በ2017 ወጥቶ ለግራሚ ታጭቷል። ከነዚህ ካሴቶች ብዙዎቹ ይሻክራሉ፤ ሆኖም የዘፋኙ ትንፋሽና ካባን የሚሉት ዑድ እንዳሉ ናቸው። የሶማሊ ዘፈንም በአምስት ድምፅ የሚዜም ስለሆነ፣ በዚያው ላደግን ለእኛ ጆሮ ባዕድ አይደለም።

ስለዚህ ቤታችሁ የምትቀርጹ ሁሉ፣ ያልተነካካውን የመጀመሪያ ቅጂ አታጥፉ። የተጫዋቹን ስም፣ ቅኝቱን፣ ቀኑንና ሰፈሩን ፋይሉ ላይ ጻፉ፤ ሁለት ቦታም አስቀምጡት፣ አንዱ ከቤታችሁ ውጭ ይሁን።