ሳይሞላ የተተወ ጨርቅ

መጀመሪያ መታየት ያለበት የፈረሶቹ እግር ነው። በባዮው ጥልፍ ላይ ፈረስ ሲጋልብ፣ ወደ ተመልካቹ ያሉት እግሮች ብዙውን ጊዜ የገላውን ቀለም ይይዛሉ፤ ወዲያ ማዶ ያሉት ደግሞ ፈጽሞ ሌላ ቀለም ይሰጣቸዋል። ገላው ሰማያዊ ከሆነ የሩቆቹ እግሮች ቀይ ወይም ቢጫ ቢሆኑ ጠላፊዎቹ ግድ የላቸውም። ጥላ የለም፣ የርቀት ስሌት የለም። ክሩ ሲቀየር ዓይን በራሱ ጊዜ የቅርቡንና የሩቁን ለይቶ ያርፋል። በዓለም ላይ ሰማያዊ ፈረስ አለመኖሩ ትዝ የሚለን በኋላ ነው።

ጥልፉ ወደ 70 ሜትር ይረዝማል፤ ቁመቱ ግን ግማሽ ሜትር ያህል ብቻ ነው። በዘጠኝ የተያያዙ የተልባ እግር ጨርቆች ላይ በሱፍ ክር የተሠራ ሲሆን፣ የሚተርከው የኖርማንዲው መስፍን ዊሊያም እ.ኤ.አ. በ1066 እንግሊዝን ከንጉሥ ሃሮልድ እንዴት እንደነጠቀ ነው። ያሠራው የዊሊያም የእናቱ ልጅና የባዮ ከተማ ጳጳስ የነበረው ኦዶ ሳይሆን እንደማይቀር ብዙ አጥኚዎች ያምናሉ። የተሠራውም በእንግሊዝ፣ በተሸናፊዎቹ አገር ነው ይላሉ። የጠላፊዎቹ ስም አልተጻፈም።

አሠራሩን ጠጋ ብለን እንየው። ለዙሪያ መስመሩ መርፌዋ ካለፈው ስፌት ጎን ትንሽ ወደ ኋላ እየተመለሰች ስለምትወጣ፣ መስመሩ ሳይቆራረጥ ተገምዶ ይሄዳል። ውስጡን ለመሙላት ደግሞ የሱፍ ክሮች ጎን ለጎን ተጠጋግተው ይነጠፋሉ። በላያቸው ሌሎች ክሮች እየተራራቁ አግድም ይዘረጋሉ፤ እነዚህ በትንንሽ ስፌት ከጨርቁ ጋር ይጣበቃሉ። ክሩ ወደ ጀርባ የሚያልፈው ዳር ላይ ሲደርስ፣ ያውም በጥቂቱ ብቻ ነው፤ ሱፉ ከሞላ ጎደል ሁሉ ፊት ላይ ይቀራል። ቁጠባው ያስደንቃል። የአገራችን ጥልፍ አዋቂዎች ሥራ ሲመዝኑ ቀድመው ጀርባውን እንደሚገለብጡ ሁሉ፣ እ.ኤ.አ. በ1982/83 የአውሮፓ ክረምት የፈረንሳይ ባለሙያዎች የዚህን ጥልፍ ገበር ፈተው ጀርባውን አጥንተዋል፤ ብርሃን ያልነካው ቀለም ከፊቱ ደምቆ ጠበቃቸው። ቀለሙ ሁሉ የተገኘው ከሦስት ዕፅዋት ነው፤ ቀዩ ከማደር፣ ሰማያዊው ከዎድ፣ ቢጫው ከዌልድ። አረንጓዴውን ያወጡት ሰማያዊና ቢጫውን ደራርበው በመንከር ነው።

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን ያልተጠለፈው ነው። ሰማዩ ባዶ ጨርቅ ነው። ባሕሩ ጥቂት የተጠማዘዙ መስመሮች ናቸው። የሰው ፊትና እጅ አልተሞሉም፤ አፍንጫ፣ ቅንድብና አፍ በአንድ ክር ተነድፈው ቆዳው ለጨርቁ ተትቷል። እንዲህም ሆኖ ፍርሃትና ትዕቢት ይለያሉ። ሁሉንም የመሙላት ፈተና ለጠላፊ ትልቅ ነው፤ እነዚህ ግን ሱፉን ለልብሱ፣ ለፈረሱና ለመርከቡ ሳንቃ አስቀርተውታል።

ሥራው እንከን የለበትም ማለት አይደለም። የመጀመሪያው መጋጠሚያ ላይ የላይኛው ጠርዝ መስመር አልገጠመም፤ አንዱ ጨርቅ ከሌላው ዝቅ ብሎ ተሰፍቷል። ከዚያ ወዲህ ያሉትን መጋጠሚያዎች ግን ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል። አንድ ስህተት በቂ ትምህርት ሆኗቸዋል።

ሥልጣን እንዴት እንደሚሠራ የሚያሳየው ደግሞ ሃሮልድ ለዊሊያም የሚምልበት ትዕይንት ነው። ዊሊያም ሰይፉን ይዞ ዙፋኑ ላይ ተቀምጧል፤ ጣቱን ወደ ሃሮልድ ቀስሯል። ሃሮልድ በሁለት የቅዱሳን አፅም ማኖሪያዎች መካከል ቆሞ አንዱን በቀኝ፣ ሌላውን በግራ እጁ ነክቷል። ክንዶቹ ግራና ቀኝ ስለተወጠሩ ወደየትም መንቀሳቀስ አይችልም። በዚያ ዘመን መኳንንት የሚታሰሩት በመሐላ ነበር፤ መሐላውን የምታጸናው ቤተ ክርስቲያን ናት። ሃሮልድ በኋላ ሲነግሥ ኖርማኖች መሐላ አፍራሽ ብለው የዘመቱበት በዚሁ ሰበብ ነው። ጠላፊዎቹ ይህን ሁሉ በሁለት የተዘረጉ ክንዶች ጨርሰውታል።

ኦዶ ራሱ ከአንዴ በላይ ይታያል። ከጦርነቱ በፊት በተደረገው ግብር ማዕዱን ይባርካል፤ ከጎኑ ግን አሽከሮች ዶሮ በእንጨት ሰክተው ይጠብሳሉ፣ ጋሻ ደርድረው ገበታ ያደርጋሉ። ጦርነቱ ሲጦፍ ደግሞ ጳጳሱ በፈረስ ላይ ሆኖ ዱላውን ከፍ አድርጎ ወጣቶቹን ያበረታታል። ሰይፍ ያልያዘው ካህን ደም ማፍሰስ ስለማይፈቀድለት ነው የሚለው ማብራሪያ የታወቀ ነው። እኔ ግን ዱላው የአዛዥነት ምልክት ነው ወደሚሉት አዘነብላለሁ፤ ምክንያቱም ምንም ክልከላ የሌለበት ዊሊያምም በሌላ ቦታ ዱላ ይዞ ይታያል።

ኦክቶበር 14 ቀን 1066 በሄስቲንግስ አጠገብ የተደረገው ውጊያ ሲከፋ፣ እስከዚያ አውሬና አእዋፍ የሞሉት የታችኛው ጠርዝ የሬሳ መደርደሪያ ይሆናል። ለአንድ ወታደር ጥሩር ጠላፊዎቹ ትንንሽ ክቦችን ደጋግመው ሰፍተዋል፤ ከሥራው ሁሉ አድካሚው ይህ ሳይሆን አይቀርም። ከታች ደግሞ ዘራፊዎች ያንኑ ጥሩር ከሟቹ በጭንቅላቱ በኩል ሲገፍፉት ይታያሉ፤ የተገፈፈው ገላ የሚቀርለት አንድ የዙሪያ መስመር ብቻ ነው። ከላይ ዊሊያም ያሸንፋል፤ ሥሩ ያለው ሟች የማን ወገን እንደሆነ የሚለይበት ምንም ምልክት የለም። የከፈለው ኦዶ ከሆነ ይህንንም አይቶ ነው የተረከበው።