የሕፃን ፍርሃት በተረታችን ውስጥ፤ ከአያ ጅቦ እስከ አንበሳው ጠጕር

ስለ ሕፃናት ሥነ ጽሑፍ ውይይት በተነሣ ቍጥር ተደጋግሞ የሚሰማው ጥያቄ «ትምህርቱ ምንድን ነው?» የሚለው ነው። ተረቱ ይቀርባል፤ ምክሩ ይለቀማል፤ ምክሩ መልካም ሆኖ ከተገኘ ተረቱም መልካም ነው ይባላል። በዚህ አመዛዘን ውስጥ ግን ዋናው ባለጉዳይ ይዘነጋል። እርሱም ምሽት ላይ ከአያቱ ጕልበት ተጠግቶ፣ አንድ ዐይኑን ወደ ተራኪዋ፣ አንድ ዐይኑን ወደ ጨለማው በር አድርጎ የሚያዳምጠው ሕፃን ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ከምክሩ አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባውን ጥያቄ ማንሣት ነው፤ ተረታችንና ሥነ ጽሑፋችን የፈራውን ወይም የተቀየመውን ልጅ ምን ያደርጉታል?

ጥያቄውን ያነሣብኝ በቡሬ ያሳለፍሁት አንድ ምሽት ነው። ቡሬ ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር የሚዘልቀው አውራ ጎዳና ዓባይን ተሻግሮ ወደ ነቀምት ለሚሄደው መንገድ ቅርንጫፍ የሚሰጥባት የምዕራብ ጎጃም ከተማ ናት። ቀን ቀን የጭነት መኪና ድምፅና የበቆሎና የበርበሬ ገበያ ያሞቃታል። ሲመሽ ግን ከከተማው ዳር ካሉት ቤቶች የጅብ ጩኸት ይሰማል። በእንግድነት በተቀመጥሁበት ቤት ዕድሜው ወደ አምስት ዓመት የሚጠጋ ልጅ ሽንቱን ሊሸና ፈልጎ ከደጅ ጅብ በመጮኹ አልወጣም ብሎ ያለቅስ ጀመር። አጎቱ ቈጣ ብሎ «ዝም በል! አለዚያ ለጅቡ ነው የምሰጥህ፤ ደግሞ ወንድ ልጅ ያለቅሳል እንዴ?» አለው። ልጁ ዝም አለ። ዝም ያለው ግን ፍርሃቱ ለቅቆት ሳይሆን ሁለተኛ ፍርሃት ተጨምሮበት ነው።

አያቱ ይህን አይተው ልጁን ከጋቢያቸው ውስጥ አስገቡት። «አይዞህ። እኔም ልጅ ሳለሁ እርሱን ስሰማ ሆዴ ይላወስ ነበር» አሉት። ቀጥለውም በማያውቁት አገር ሄዶ ቍርበት አንጥፉልኝ ስላለው ጅብ ይነግሩት ጀመር። ልጁ ጥቂት ቈይቶ ሣቀ፤ «ዛሬስ ቍርበት አነጠፉለት?» ብሎ ጠየቀ። በመጨረሻም አያትየዋ እጁን ይዘው እስከ ደፉ ወሰዱት፤ ከዚያ ቆመው ጥቂት አዳመጡ፤ ከዚያም እስከ አጥሩ ሥር አብረው ሄዱ። ልጁ ጉዳዩን ፈጽሞ ተመለሰ።

በዚያ ምሽት አጎትየውም አያትየዋም የተናገሩት ስለ አንድ ጅብ ነው። አንደኛው ጅቡን ልጁን ዝም ለማሰኘት ተጠቀመበት። ሁለተኛዋ ልጁ ጅቡን እንዲያውቀው፣ እንዲስቅበትና ድምፁን እየሰማ አንድ እርምጃ እንዲራመድ ተጠቀሙበት። ሥነ ቃላችን እነዚህን ሁለት መንገዶች ጎን ለጎን ይዞ የኖረ በመሆኑ የሐያሲው ተግባር ሁለቱን መለየት ነው።

ማስፈራሪያና ማለማመጃ

ለማስፈራሪያው ወገን ፍትሕ መንፈግ አይገባም። በገጠር ጅብ ቃል ብቻ አይደለም፤ እረኛ ሆኖ ለሚውል ልጅ፣ ማታ ጥጃ ለሚያስገባ ልጅ እውነተኛ አደጋ ነው። ውኃ ለመቅዳት ወንዝ የምትወርድ፣ ማሳ የምታርም፣ ማታም ምጣድ የምትጥድ እናት ልጅዋን ከገደልና ከጫካ የምትጠብቀው በቃል ነውና «ከዚያ ወዲያ አትሂድ፤ ጅብ አለ» ማለትዋ ጥበቃ ነው። ጥፋቱ የሚመጣው ጅቡ ከጫካው ወጥቶ የምድጃው ዳር ዘበኛ ሲደረግ፣ ማለትም ልጁ ስላልበላ፣ ስላልተኛ ወይም ስላለቀሰ ብቻ ሲጠራበት ነው። ያን ጊዜ ልጁ የሚማረው ከአደጋ መጠንቀቅን ሳይሆን ፍርሃቱን መደበቅን ነው።

ተረታችን ራሱ ግን ጅቡን የያዘበት መንገድ ከዚህ የተሻለ ብልኅነት አለው። ጅቡ በተረት ውስጥ «አያ ጅቦ» ነው። «አያ» ታናሽ ታላቁን የሚጠራበት የአክብሮት ቃል ነው። አውሬውን በዘመድ መጠሪያ መጥራት ወደ ሰው ማኅበር ማስገባት ነው፤ ከማኅበር የገባም ይታማል፣ ይታለላል፣ ይሣቅበታል። አያ ጅቦ ሆዳም ነው፤ ሆዱም ዘወትር ያታልለዋል፤ ትንሽዋ እመት ጦጢት ትበልጠዋለች። በቁመቱ ከሁሉ የሚያንሰው አድማጭ ትንሽዋ ትልቁን ስታሸንፍ ሲሰማ የማን ወገን እንደሚሆን ግልጽ ነው። ልጁ በዚህ ተረት ውስጥ የሚያገኘው ዕረፍት በመጨረሻ ከሚነገረው ምክር በፊት አስቀድሞ ተፈጽሟል።

ይህ የእኛ ብቻ ጉዳይ አይደለም። ሩሲያዊው ደራሲ ኮርኔይ ቹኮቭስኪ «ከሁለት እስከ አምስት» በተሰኘው መጽሐፉ፣ ተረት ልጅን ከእውነታ ያርቃል እያሉ በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከተነሡ የአገሩ መምህራን ጋር ያደረገውን ክርክር ተርኳል። ብሩኖ ቤተልሃይም ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1976 ባሳተመው ጥናት፣ አስፈሪው ነገር ከተረት ተጠርጎ ቢወጣ ልጁ ከፍርሃቱ ጋር ብቻውን ይቀራል ሲል ተከራክሯል። ስለዚህ ለሕፃናት የሚጽፍ ሰው ጅቡን ከተረቱ ማስወጣት አይጠበቅበትም። የሚጠበቅበት ልጁን ከጅቡ ጋር ብቻውን አለመተው ነው።

የአንበሳው ጠጕር

በዚህ ረገድ ከተረቶቻችን ሁሉ የላቀ ሆኖ የማገኘው የአንበሳውን ጠጕር ተረት ነው። ራስል ዴቪስና ብሬንት አሽአብራነር እ.ኤ.አ. በ1959 በእንግሊዝኛ ላሳተሙት የኢትዮጵያ ተረቶች መድበል መጠሪያ የሆነውም ይኸው ተረት ነው። በአንዳንድ አተራረክ ባለጉዳይዋ ባልዋ የራቃት ሚስት ናት። እዚህ የምመለከተው ግን የእንጀራ እናቲቱን ነው። እናቱ የሞተችበት ልጅ የእንጀራ እናቱን ይጠላል፤ የሠራችለትን አይበላም፤ ስትቀርበው ይሸሻል። እርስዋም ጨንቋት ወደ አንድ ብልኅ ሽማግሌ ዘንድ ትሄዳለች። ሽማግሌው መድኃኒቱን እንዲሠራላት ከሕያው አንበሳ ጕንጭ ጠጕር ነቅላ እንድታመጣ ያዝዛታል። ሴቲቱ ሥጋ ይዛ ትሄዳለች፤ በመጀመሪያው ቀን ከሩቅ አስቀምጣ ትመለሳለች፤ በማግሥቱ ትንሽ ትቀርባለች፤ ከብዙ ቀን በኋላ አንበሳው አጠገብዋ ሆኖ ሲበላ ጠጕሩን ትነቅላለች። ወደ ሽማግሌው ስትመለስ ግን መድኃኒት የሚባል ነገር የለም። ወደ አንበሳው የሄደችበትን አካሄድ ወደ ልጁ እንድትሄድበት ብቻ ይነግራታል።

ተረቱ በተለምዶ የሚተረጐመው «ትዕግሥት መልካም ነው» ተብሎ ነው። ይህ ትርጓሜ ስሕተት ባይሆንም የተረቱን ግማሽ ይተዋል። በዚህ ተረት ሁለት ፈሪዎች አሉ። ሴቲቱ አንበሳውን ትፈራለች፤ ልጁም ሴቲቱን ይፈራል። ተረቱ ልጁን በአንበሳው ቦታ ማስቀመጡ እጅግ የሚደነቅ ነው፤ ለልጅ በልጅ ፍርሃት ውስጥ ያለው ክብደት ለዐዋቂ ከአንበሳ ፊት የመቆም ያህል መሆኑን ያስረዳልና። ደግሞም ሴቲቱ ፍርሃቷን ያሸነፈችው በአንድ ቀን ድፍረት አይደለም፤ ርቀቱን በመቍረጥ ነው። በቡሬ ያየኋቸው አያት ከጋቢው እስከ ደፉ፣ ከደፉ እስከ አጥሩ የሄዱትም በዚሁ መንገድ ነው። ተረቱ ትምህርቱን የሚሰጠው ለልጁ ሳይሆን ለዐዋቂው መሆኑም መታለፍ የለበትም። ከልጆች ጋር ተቀምጦ የሚሰማ ወላጅና መምህር የቤት ሥራውን ይዞ ይነሣል።

በቋንቋችንም ይህንኑ ልዩነት የሚሸከሙ ሁለት ቃላት አሉ፤ «አትፍራ» እና «አይዞህ»። «አትፍራ» ትእዛዝ ነው፤ ፍርሃቱ እንዲጠፋ ያዝዛል፤ ባይጠፋ ልጁ ጥፋተኛ ይሆናል። «አይዞህ» ግን ፍርሃቱን አይክድም፤ አጠገብህ ነኝ ይላል። ረዳት ያጣ ሰው «አይዞህ ባይ የሌለው» መባሉ ቃሉ ከምክር ይልቅ አብሮ መቆምን እንደሚገልጽ ያስረዳል።

ማንኩሳ

ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም ሲጓዙ በመካከል የምትገኘው ማንኩሳ በሥነ ጽሑፋችን ታላቅ ስም አላት። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» (1958 ዓ.ም.) የሚጀምረው ከዚያ ነው። ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ በወለዱት በሽተኛ ሕፃን ጭንቅ ላይ ሆነው፣ ልጁ ቢያድግላቸው ዓለማዊ ትዳር ሳይዝ ቤተ ክርስቲያንን እንዲያገለግል ይሳላሉ። ይህ ክፍል በአብዛኛው የሚነበበው የማኅበራዊ ልማድ ሂስ ሆኖ ነው፤ ትክክልም ነው። ከያዝነው ነገር አንጻር ግን ሌላ ንባብ ይገባዋል። ስለቱ የበዛብህ አይደለም፤ የወላጆቹ ፍርሃት ነው። ወላጆቹ ክፉዎች አይደሉም፤ ልጃቸውን ከመጠን በላይ የሚወድዱ፣ የሚሳሱለት ሰዎች ናቸው። ፍርሃታቸውን በስለት ቋጥረው ካስቀመጡት በኋላ እነርሱ ያርፋሉ፤ ልጁ ግን ቋጠሮውን ዕድሜውን ሙሉ ይሸከማል፤ ሰብለ ወንጌልን ባፈቀረ ጊዜም ከፊቱ ይገተርበታል።

ሐዲስ ከልብ ወለዱ አስቀድሞ «ተረት ተረት የመሠረት» የተሰኘ መጽሐፍ ያበረከቱ ደራሲ መሆናቸው በዚህ ላይ ይታሰብ። ከተረት ዓለም የመጡት ደራሲ በማንኩሳው ቤት ያሳዩን ዐዋቂው የራሱን ፍርሃት ሳይመረምር ልጅ ሲያሳድግ የሚሆነውን ነው። በቡሬ ልጁን የቈጣው አጎትም ምናልባት በልጅነቱ «ወንድ ልጅ አያለቅስም» የተባለ ይሆናል።

ስለ ቅያሜ

ከፍርሃት ይልቅ የተናቀው የልጅ ስሜት ቅያሜው ነው። የተሰበረ ጅራፍ፣ ለታናሽ የተሰጠ ትልቅ ሙልሙል፣ ገበያ ይወስዱኛል ብሎ ሲጠብቅ ጥለውት የሄዱ ወላጆች ለዐዋቂ ጥቃቅን ናቸው። «ያኮረፈ ምሳው ራቱ ይሆነዋል» የሚለው ምሳሌያችን በኩርፊያ ያላግጣል። ልጅ ተደናቅፎ ሲወድቅም ድንጋዩን መትተን «በለው!» እንላለን። ልጁ ይሣቃል፤ ነገር ግን ለሕመም ሁሉ የሚመታ ጥፋተኛ አለ የሚል ትምህርት ሳናስበው እንሰጠዋለን። ከዚሁ ጋር ግን «እኔን!» የምትል እናት አለችን። ከድንጋዩ ምት ይልቅ ያቺ አንዲት ቃል የልጁን ሕመም ትካፈላለች።

በዚህ ረገድ ማሞ ቂሎ ሊታወስ ይገባዋል። ማሞ የትናንቱን ምክር ለዛሬው ነገር እያዋለ በየቀኑ ያበላሻል፤ ባዶ እጁን ወይም ተበላሽቶበት ይመለሳል። ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ ይህን ተረት እ.ኤ.አ. በ2002 በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን አሳትሞታል። ተረቱ ቂልን መሣቂያ ያደርጋል ተብሎ ሊነቀፍ ይችላል። ነገር ግን እናቱን እንመልከት፤ ትቈጣዋለች፣ ትመክረዋለች፣ በማግሥቱም ደግማ ትልከዋለች። ሲሳሳት የዋለ ልጅ ይህን ተረት ሲሰማ የሚይዘው ነገ ደግሞ እንደሚላክ ነው።

የአኩኩሉ ጨዋታም እንዲሁ ነው። ዐይኑን የጨፈነው ልጅ ብቻውን ቀርቶ መንጋቱን ይጠይቃል፤ የተደበቁት ገና ሌሊት መሆኑን ይመልሱለታል። ጨለማውን፣ መነጠሉን፣ ፍለጋውንና መገናኘቱን ልጆቹ ራሳቸው በመጠን አዘጋጅተው ይለማመዱታል። የሕፃናት ተውኔት የሚያዘጋጁ ባለሙያዎች ከዚህ የሚቀስሙት ብዙ ነው።

ከምድጃ ወደ መስኮት

አባባ ተስፋዬ እየተባሉ የሚታወቁት ተስፋዬ ሣህሉ (በ2009 ዓ.ም. ያረፉ) በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ከአርባ ዓመት በላይ ለሕፃናት ተረት ሲነግሩ ኖረዋል። ትልቁ ስጦታቸው ከምክራቸው ይልቅ ፊታቸውና ድምፃቸው ነበር፤ በመስኮቱ ማዶ ላለ ልጅ አያት ሆነውለታል። እ.ኤ.አ. በ2006 የተጀመረው «ፀሐይ መማር ትወዳለች» ደግሞ ሌላ እርምጃ ወሰደ። የብሩክታዊት ጥጋቡና የባልደረቦችዋ ሥራ የሆነችው ፀሐይ የስድስት ዓመት ቀጭኔ ናት። ጠያቂዋ እርስዋ ስለሆነች አለማወቋና መሳሳቷ ነውር ሳይሆን የታሪኩ መነሻ ይሆናል።

በአንጻሩ ብዙዎቹ የታተሙ ተረቶቻችን አንድ ጕድለት አለባቸው። አያት በምድጃ ዳር ስትተርክ የልጁን ፊት ታያለች፤ ከፈራ ጅቡን ታሳንሰዋለች፤ ካንቀላፋ ድምፅዋን ትቀንሳለች፤ ከጠየቀ ትመልሳለች። በወረቀት ላይ ግን ይህ ሁሉ ተቈርጦ ምክሩ ብቻ በመጨረሻው ገጽ ይጫናል። «ከዚህ ተረት የምንማረው» የምትለዋ ዐረፍተ ነገር ልጁ ሊጠይቅ አፉን በከፈተበት ሰዓት በሩን ትዘጋለች። ጸሐፊዎቻችን ከምክሩ ቦታ ላይ ጥያቄ ቢያኖሩ፣ ሠዓሊዎቻችንም ከጅቡ ጥርስ ሌላ የልጁን እጅ የያዘውን እጅ ቢሥሉ፣ የምድጃው ጥበብ በመጽሐፉ ውስጥ ይተርፍ ነበር።

የተረትን አቅም ማጋነንም አይገባም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል በተባባሰው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ ልጆች ከጅብ ድምፅ የከፋ ድምፅ ሰምተዋል። ይህን ያህል ፍርሃት ተረት ብቻውን አያነሣውም፤ ሰላምና የተከፈተ ትምህርት ቤት ያስፈልገዋል። ይሁን እንጂ በትንሹ ፍርሃቱ ጊዜ አይዞህ ባይ ያገኘ ልጅ በትልቁም ጊዜ ወደ ማን እንደሚሮጥ ያውቃል።

ስለዚህ ለመምህራን፣ ለደራስያንና የሕፃናት መጻሕፍትን ለሚመረምሩ ሁሉ የማቀርበው ሐሳብ አጭር ነው። አንድ የሕፃናት ተረት በእጃችን ሲገባ ትምህርቱን ከመፈለጋችን በፊት ጮክ ብለን ለአንድ ልጅ እናንብበው፤ ፊቱንም እንይ። ሲጨርስ ዝም ካለ ምን ዓይነት ዝምታ እንደሆነ እንጠይቅ። ጥያቄ ከጠየቀ ግን ተረቱ ሥራውን ጀምሯል፤ የቀረው የእኛ መልስ ነው።