ድምፅ የሌላቸው የሰናዖር ቋንቋዎች፦ የአንድ የእንቆቅልሽ ጨዋታ ግምገማ ከሶባ አንጻር

ከካርቱም በስተ ደቡብ ምሥራቅ፣ በጥቁር ዓባይ ቀኝ ዳርቻ የምትገኘው ሶባ የመካከለኛው ዘመን የአልዋ መንግሥት መዲና ነበረች። ከፍርስራሿ የተገኙት ጽሑፎች በግሪክኛና በጥንታዊ ኑቢኛ የተጻፉ ሲሆን፣ አብዛኞቹ ቍርጥራጮች ናቸው። ከጥቂት ምልክቶች ተነሥቶ አንድን ቋንቋ ምን ያህል መረዳት ይቻላል? በሶባ የሚነሣውን ይህን ጥያቄ፣ ሩንዲስክ የተባለው የፈረንሳይ ስቱዲዮ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2023 የወጣው «ቻንትስ ኦፍ ሰናር» የተሰኘ የቪዲዮ ጨዋታ መነሻ አድርጎታል። ስያሜው በኦሪት ዘፍጥረት የባቢሎን ግንብ የተሠራበትን የሰናዖርን ምድር የሚያመለክት ነው፤ ከሶባ በላይ በዚያው ወንዝ ዳር ካለችው የፉንጅ መዲና ከሴናር ጋር የሚያገናኘው የስም መመሳሰል ብቻ ነው።

ተጫዋቹ አምስት ሕዝቦች የሚኖሩበትን ግንብ ከታች ወደ ላይ ይወጣል። እያንዳንዱ ሕዝብ የራሱ ጽሕፈት አለው። ተጫዋቹ ምልክቶቹን ከሰሌዳ፣ ከሥዕልና ከሰዎች እንቅስቃሴ ጋር እያስተያየ ግምቱን በማስታወሻ ደብተር ይመዘግባል። ጥቂት ምልክቶችን ከትክክለኛ ሥዕሎቻቸው ጋር ባዛመደ ጊዜ ጨዋታው ፍቺውን ያጸድቅለታል።

የሥራው ትልቁ ብርታት ፍቺን ከዐውድ ማስገኘቱ ነው። አንድ ምልክት በበር ላይ ታይቶ የተሰጠው ግምት፣ ምልክቱ በመቃብር ላይ ሲደገም ሊፈርስ ይችላል፤ የመስክ ተመራማሪ ከቋንቋ አቀባዩ ጋር የሚያልፍበት መንገድም ይኸው ነው። ሁለተኛው ብርታት የስያሜ ጉዳይ ነው። ጦረኞቹ ከታች የሚኖሩትን ምእመናን የሚጠሩበት ምልክት «ርኩሳን» ማለት ነው። ተጫዋቹ ቃሉን ሲፈታ ሕዝቡን ሳይሆን ሕዝቡ የተሰደበበትን ስም ማግኘቱን ይረዳል። ሕዝቦች ራሳቸውን የሚጠሩበትንና ሌሎች የለጠፉባቸውን ስም መለየት የሚጠበቅበት የክልል ቋንቋዎች አጥኚ፣ ይህን ትምህርት በቀላሉ ያውቀዋል።

ሰዋስዉ ግን ስስ ነው። በምእመናን ጽሕፈት ብዜት የሚመለከተው ምልክቱን በመድገም ነው። አማርኛም «ትልቅ» ብሎ «ትልልቅ»፣ «ረጅም» ብሎ «ረጃጅም» ይላል፤ ድግግሞሹ ግን በቃሉ ውስጥ ገብቶ ቅርጹን ይለውጣል። በጨዋታው ቃል ከቃል ጎን ይቆማል እንጂ ውስጡ አይነካም። የአዝማሪዎቹ ቋንቋ ተሳቢን ከባለቤት ያስቀድማል፤ ግሡም መጨረሻ ይመጣል። «በሩን ልጁ ከፈተው» ለሚል አማርኛ ተናጋሪ ይህ እንግዳ አይደለም። ልዩነቱ፣ በአማርኛ «‑ን» ተሳቢውን ስለሚያስታውቅ ቅደም ተከተሉ ለአጽንዖት ነጻ መሆኑ ነው። በጨዋታው ሙያውን የሚለየው ቦታው ብቻ ነው። ስለዚህ አምስቱ ቋንቋዎች በአመዛኙ የአንድ መዝገበ ቃላት አምስት ልብሶች ሆነው ይቀራሉ።

ከሁሉ የከበደው ጕድለት የድምፅ አለመኖር ነው። የትኛውም ምልክት አይነበብም፤ ፍቺ ብቻ አለው። የሱዳን ታሪክ የዚህን ተቃራኒ ያሳያል። ፍራንሲስ ሌዌሊን ግሪፊዝ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የመርዌን ፊደላት ድምፅ ለይቶ አሳይቷል፤ ከዚያ ወዲህ ጽሑፉን ማንበብ ቢቻልም የአብዛኛው ቃል ፍቺ እስከ ዛሬ አልታወቀም። ጥንታዊ ኑቢኛ ግን ይህ ዕጣ አልደረሰበትም፤ ዘመዶቹ የሆኑት የኑቢያ ቋንቋዎች ዛሬም ስለሚነገሩና ከግሪክኛ የተተረጐሙ ጽሑፎች ስላሉት ሊፈታ ችሏል። ጨዋታው በሥዕል የሚሰጠውን ማረጋገጫ ለኑቢኛ የሰጡት ተናጋሪዎቹና ትርጕሞቹ ናቸው። ተናጋሪ የሌለው ቋንቋ የሚያጣው ምን እንደሆነ ግን ከጨዋታው አይታወቅም።

ሌላው ጕድለት፣ ከተጫዋቹ በቀር በግንቡ ውስጥ ሁለት ቋንቋ የሚችል ሰው አለመታየቱ ነው። በ10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የጻፈው ኢብን ሱለይም አል-አስዋኒ የአልዋ ሰዎች መጻሕፍት በግሪክኛ እንደ ነበሩና በራሳቸው ቋንቋ ይተረጕሟቸው እንደ ነበር ይናገራል። ተርጓሚው ከውጭ የመጣ አዳኝ ሳይሆን የዚያው ማኅበረሰብ አባል ነበር። ከዚህም በላይ፣ ከጠባቂዎች ተደብቆ የማለፉ የድርጊት ክፍል ተጫዋቹን ከንባብ አናጥቦ በትዕግሥቱ ይፈትነዋል፤ ስለ ቋንቋ ግን የሚጨምረው የለም።

ያም ሆኖ ሥራው በመስክ ጥናት መግቢያ ትምህርት ሊያገለግል ይችላል። ይህ የሚሆነው ግን ተማሪዎች ጨዋታው ፍቺውን ከማጽደቁ በፊት ለእያንዳንዱ ግምት ማስረጃቸውን፣ ግምቱን ሊያፈርስ የሚችለውንም ጭምር፣ በጽሑፍ እንዲያቀርቡ ከተጠየቁ ነው። በሶባ ቍርጥራጭ ፊት ትክክል ነህ የሚል ደብተር የለም።