የአግኔታ ፌልትስኮግ ድምፅና የዘፈን ባለቤትነት

ስለ አንድ ዝነኛ ዘፋኝ የሚጻፈው ነገር ብዙውን ጊዜ ከሁለት አያልፍም፤ ወይም ውዳሴ ነው፤ ወይም ሐሜት ነው። ውዳሴው ስንት ሸክላ እንደ ተሸጠ ይቈጥራል፤ ሐሜቱም ማን ማንን አግብቶ እንደ ፈታ ያወራል። ሥራው ራሱ ግን በሁለቱ መካከል ሳይመረመር ይቀራል። በዚህ ረገድ የስዊድኗ ዘፋኝ አግኔታ ፌልትስኮግ በጣም የተበደለች ስለሚመስለን፤ በዚህ አጭር ጽሑፍ አንድ ጥያቄ ብቻ አንሥተን ለመመርመር አስበናል። ግጥሙንና ዜማውን ሌላ ሰው ሲደርሰው፤ ዘፈኑ የዘፋኙ ሥራ ነው ሊባል የሚችለው እስከ ምን ድረስ ነው? (የምንጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ በአውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው።)

አግኔታ በ1950 በደቡብ ስዊድን በዮንሾፒንግ ከተማ ተወለደች። በ15 ዓመቷ ትምህርቷን ትታ፤ ቀን በአንድ የመኪና ንግድ ቤት የስልክ ሠራተኛ ሆና እየዋለች፤ ማታ ከአንድ የዳንስ ባንድ ጋር ትዘፍን ነበር። በ1967 የቀረጸችው የመጀመሪያ ሸክላዋ በ1968 መጀመሪያ በስዊድን ራዲዮ ሳምንታዊ የዘፈን ሰንጠረዥ ላይ አንደኛ ሆነ። አንባቢ በተለይ እንዲያስተውልልን የምንፈልገው ግን የዘፈኑን ማሸነፍ ሳይሆን ደራሲውን ነው፤ ግጥሙንም ዜማውንም የደረሰችው ያቺው የ17 ዓመት ልጅ ራሷ ነበረች። እንግዲህ አግኔታ ወደ አደባባይ የወጣችው በድምፅዋ ብቻ ሳይሆን በብዕሯም ጭምር ነው።

በ1971 ከሙዚቃ ደራሲው ከቢዮርን ኡልቬዩስ ጋር ተጋባች። ሁለቱ ከቤኒ አንደርሶንና ከአኒ-ፍሪድ ሊንግስታድ ጋር ሆነው፤ ከአራቱ ስሞች መነሻ ፊደላት «አባ» ተብሎ የተሰየመውን ጓድ መሠረቱ። ጓዱ በሚያዝያ 1974 በእንግሊዝ አገር በብራይተን ከተማ በተደረገው የአውሮጳ የዘፈን ውድድር «ዋተርሉ» በተባለው ዘፈን አሸንፎ በዓለም ታወቀ። በዚህ ጓድ ውስጥ ሥራው ተከፋፍሎ ነበር፤ ወንዶቹ ይደርሳሉ፤ ሴቶቹ ይዘፍናሉ። ጓዱ ካሳተማቸው የስቱዲዮ አልበሞች ሁሉ የአግኔታ ዜማ የሚገኘው በ1973 በወጣው በመጀመሪያው ብቻ ነው፤ እሱም አንድ ነው። በ1979 በተደረገው የዓለም ዙርያ ጉዞ ራሷ በፒያኖ እያጀበች የዘፈነችው ሌላው ዜማዋ ወደ ስቱዲዮ አልበም አልገባም። ሆኖም በ1975 በስዊድንኛ ለብቻዋ ያሳተመችውን «አሥራ አንድ ሴቶች በአንድ ቤት» የተባለ ሥራዋን ያየ ሰው ችሎታው እንዳልጐደላት ይረዳል፤ ከ11 ዘፈኖች የ10ሩን ዜማ የደረሰችው እሷ ናትና።

አሁን ወደ ዋናው ነገራችን እንመጣለን። አግኔታና ቢዮርን መለያየታቸውን ያስታወቁት በ1979 ነው። በ1980 «አሸናፊው ሁሉን ይወስዳል» የተባለው ዘፈን ወጣ። በፍቅር የተሸነፈች ሴት ስትናገር የሚያሰማውን ግጥም የጻፈው የተለያት ባል ነበር፤ የዘፈነችውም የተለየችው ሚስት ናት። አድማጩ ይህን በሰማ ጊዜ የቃሉን ሰም አልፎ «ወርቁ የራሷ ፍቺ ነው» አለ፤ ዘፈኑንም እንደ ኑዛዜ ተቀበለው። ደራሲው ግን ከፍቺው ስሜት ቢነሣም ታሪኩ ልብ ወለድ መሆኑን፤ በእነሱም መካከል አሸናፊ እንዳልነበረ ደጋግሞ ተናግሯል።

እኛ የምንቃወመው የሕይወትንና የሥነ ጥበብን መገናኘት አይደለም፤ መገናኘታቸውን የሚክድ ሰው የለም። የምንቃወመው፤ «ስለ ደረሰባት አሳምራ ዘፈነችው» የሚለውን ፍርድ ነው። ሐዘን ብቻ ዘፋኝ የሚያደርግ ቢሆን ኖሮ፤ ዓለም በዘፋኞች ብዛት በተጨነቀች ነበር። ዘፈኑን ልብ ብሎ ለሰማ ሰው ማስረጃው እዚያው ነው። ዜማው በሁለት ተደጋጋሚ ሐረጎች ላይ የቆመ ስለሆነ፤ በራሱ ብዙ ለውጥ አያመጣም። ለውጡን ሁሉ የሚያመጣው ድምፁ ነው። መጀመሪያ እንደ ተራ ንግግር ዝቅ ብሎ ይነሣል፤ ቀስ በቀስ እየከረረ ይሄዳል፤ ወደ መጨረሻው ሲቃረብ ዳግመኛ ለስለስ ብሎ ይወርድና፤ አድማጩ አለቀ ሲል በሙሉ ኀይሉ ይወጣል። ይህ ልኩን ያወቀ ሥራ ነው፤ የሚያለቅስ ሰው ትንፋሹን እንዲህ ሊመጥን አይችልም።

ለዚህ ሁለተኛ ምስክር የሚሆነን «አንተ ከመምጣትህ በፊት የነበረው ቀን» የተባለው የ1982 ዘፈን ነው። ስድስት ደቂቃ ያህል በሚፈጀው በዚህ ዘፈን ግጥሙ የአንዲትን ሠራተኛ ተራ ውሎ ይዘረዝራል። አግኔታ እዚህ ላይ ድምፅዋን አታሳይም፤ ትደብቀዋለች። ጌጡንም ጩኸቱንም ትታ፤ የደከማት ሴት እንደምትናገር ትዘፍነዋለች። ድምፅ ያለው ሰው ድምፁን መግታት መቻሉ ከፍ ያለ የጥበብ ምልክት እንደ ሆነ እናምናለን።

ይሁን እንጂ ሂስ ፍትሕ ነውና፤ የሚነቀፈውንም አናልፍም። በ1983፣ በ1985ና በ1987 ለብቻዋ በእንግሊዝኛ ባሳተመቻቸው ሦስት አልበሞች፤ የራሷ ድርሰት እጅግ ጥቂት ነው። አዘጋጆቹ በየጊዜው ተለዋወጡ፤ መልኩም ከእነሱ ጋር ተለዋወጠ፤ በተለይም የ1987ቱ በየትኛውም ሌላ ድምፅ ሊዘፈን የሚችል ሆኖ እናገኘዋለን። ከዚያ በኋላ እስከ 2004 ድረስ አዲስ አልበም አላወጣችም፤ ስትመለስም የተመለሰችው በሌሎች ሰዎች የቆዩ ዘፈኖች ነበር። በ2013 ባወጣችው አልበም ውስጥ ከዮርገን ኤሎፍሶን ጋር የሠራችው አንድ ዘፈን ግን ብዕሩ እንዳልደረቀ አሳይቷል። በ1967 የጀመረው ደራሲ እንዲህ እያለ በዘፋኚቱ ጥላ ሥር መቅረቱ ለስዊድን ሙዚቃ ጕዳት ነው። ጕዳቱንም በእሷ ላይ ብቻ መጣል አይገባም፤ «አንቺ ዝፈኚ፤ እኛ እንደርሳለን» የሚለው የሥራ ክፍፍልና ከዘፈኗ ይልቅ ኑሮዋን የሚጠይቀው ጋዜጣ የየድርሻቸውን ይወስዳሉ።

ጥያቄያችንን አሁን ብንመልስ፤ ግጥም በወረቀት ላይ የደራሲው ነው፤ ሲዘፈን ግን ትርጓሜውን የሰጠው ዘፋኝ ተካፋይ ባለቤት ይሆናል እንላለን። ከ2022 ጀምሮ በለንደን የአራቱን የወጣትነት መልክ በኮምፒዩተር ቀርጾ በመድረክ የሚያቀርብ ትርኢት ተከፍቷል። አካሉ ሥዕል ነው፤ ድምፁ ግን በእርግጥ የሰው ነው። ሥዕሉን የሠሩት የኮምፒዩተር ባለሞያዎች ናቸው፤ ግጥሙንም የጻፈው ሌላ ነው። ሥዕሉን በእንባ እንዲታይ የሚያደርገው ያ የተመጠነ ትንፋሽ ግን የእሷ ነው፤ ሂስም ወደፊት መጀመር የሚገባው ከዚያ ነው።