ግንብና ነደባ፦ በሐረር ጀጎል ስለሚደረገው እድሳት

ሐረር ጀጎል በሐምሌ ወር 1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ በገባች ጊዜ፥ መዝገቡ ስለ ከተማዪቱ ሁለት ዐይነት ነገር ተናገረ። በመጀመሪያ በግንቡ ውስጥ ያሉትን 82 መስጊዶችና 102 አዋቾች፥ ማለት የወልዮች መቃብሮች ቆጠረ፤ ከመስጊዶቹም ሦስቱ በ10ኛው መቶ ዓመት የተሠሩ መሆናቸውን ገለጠ። ቀጥሎ ግን ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው የከተማው ሰው መኖሪያ ቤት፥ ይልቁንም የቤቱ የውስጥ አሠራር መሆኑን መሰከረ። ከሁለቱ ቃሎች ክብደት ያለው ሁለተኛው ነው። ከዚያ ወዲህ የተደረገውን እድሳት የመራው ግን የመጀመሪያው፥ ይኸውም ሊቆጠርና ከመንገድ ላይ ሊታይ የሚችለው ነገር ሆኖ ይገኛል። ግንቡ ተጠገነ፤ በሮቹ ታደሱ፤ መተላለፊያዎቹ ድንጋይ ተነጠፉ፤ ወደ ውጭ የሚታዩት ግድግዳዎች ቀለም ተቀቡ። የሐረር ቤት ግን በሩ ከተዘጋ በኋላ የሚጀምር ነገር ስለ ሆነ፥ በዚህ ሥራ ውስጥ የደረሰው ድርሻ ጥቂት ነው።

ከተማዪቱን ከውጭ የመመልከት ልማድ አዲስ አይደለም። በ1847 ዓ.ም. ወደ ሐረር የገባው እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን በዚያ የቆየው 10 ቀን ብቻ ሲሆን፥ በመጽሐፉ ያሰፈረው የመንገዶቹን ጥበትና በየሥፍራው የተከመረውን ቆሻሻ ነው። ዛሬ መንገዱን የሚያስነጥፈውና ግድግዳውን የሚያስቀባው ሰው የበርተንን ወቀሳ ለመመለስ የሚሠራ ይመስላል፤ የሚመለከተው ግን እርሱ የተመለከተውን ያንኑ ነው።

ቤቱን የሐረር ሰዎች በቋንቋቸው ጌ ጋር፥ ማለት የከተማ ቤት ይሉታል። ሐሺ ከሚባለው የአካባቢው ድንጋይና ከጭቃ የታነጸ ሲሆን፥ ጣራው ጠፍጣፋ፥ በተቀራረቡ እንጨቶች ላይ አፈር የተደለደለበት ነው። ከመተላለፊያው ወገን ልሙጥ ግድግዳ ከመሆኑ በቀር ስለ ውስጡ ምንም አይናገርም። ከግቢው ተገብቶ የቤቱ ደፍ ሲታለፍ ግን ዐይን የሚያርፍበት ቦታ ሁሉ በሥርዓት የተያዘ ነው። በዋናው አዳራሽ አምስት መደቦች በልዩ ልዩ ከፍታ ተሠርተዋል፤ እነዚህም ነደባ ይባላሉ። አሚር ነደባ፥ ግድር ነደባ ማለት ትልቁ፥ ጢት ነደባ ማለት ትንሹ፥ ገብቲ ኤሐር ነደባ ማለት ከበር ኋላ ያለው፥ ሱትሪ ነደባ ማለት ስውሩ መደብ ናቸው። የወንበርና የጠረጴዛ ቦታ የለም። ግድግዳው ለመጽሐፍና ለዕቃ ማስቀመጫ በተቦረቦሩ መስኮቶች፥ በሰፌድና በሙዳይ፥ በሳሕንም የተሞላ ነው። ከአዳራሹ ጎን ኪርታት የምትባል ጠባብ ክፍል አለች፤ ሙሽሪት ከሠርጓ በኋላ ከሰው ዐይን ተሰውራ የምትቆየው በርስዋ ውስጥ ነው።

የመደቦቹ ስም ራሱ እንደሚያስረዳው፥ ይህ ቤት የሰዎችን ደረጃ በአፈርና በድንጋይ የጻፈ ነው። ለአባወራና ለተከበረ እንግዳ የሚገባው ከፍታ፥ ታናሹ ከታላቁ ፊት የሚቀመጥበት ዝቅታ፥ ለጉዳይ መጥቶ ቶሎ የሚሄደው ሰው ከበሩ ኋላ የሚያርፍበት ቦታ፥ ሁሉም የታወቀ ነው። ወደ ቤቱ የሚገባ ሰው የት እንደሚቀመጥ አይጠይቅም፤ የማያውቅ ከሆነም እንግዳነቱ በዚያው ይገለጣል። ልጅ ሥነ ሥርዓትን የሚማረው ከምክር ይልቅ ከዚህ አቀማመጥ ነው። ከአሠራሩ ጋር የሚነገረውም ትውፊት ብዙ ነው። መደቦቹ የሚቀቡት ቀይ አፈር በጨለንቆ ጦርነት የፈሰሰውን ደም ያስታውሳል የሚሉ አሉ፤ ከበሩ በላይ ተጠቅልሎ የሚቀመጠው ምንጣፍም በቤቱ ውስጥ ለጋብቻ የደረሰች ልጅ መኖሯን ያመለክታል ይባላል። በቤተ መዘክር ይኸው ምንጣፍ ዓመቱን ሙሉ እንደ ተጠቀለለ ይኖራል፤ የምትዳር ልጅ ግን የለችም።

ኤሊዛቤት ዶሮቴያ ሄክት በአውሮፓ አቆጣጠር በ1982 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ስለ ሐረር ከተማና ስለ ነባሩ የሐረር ቤት የጻፈችውን ጥናት የመሰለ ሥራ በእጅ እያለ፥ እድሳቱ የቤቱን ውስጥ ሊዘልለው አይገባም ነበር። የዘለለበት ምክንያት ግን ከእውቀት ማነስ ብቻ የመጣ አይደለም። የግንብ ጥገና የሚመረቅበት ቀን አለው፤ ባለሥልጣን ሪባን ይቈርጥለታል፤ ፎቶግራፍም ይነሣል። በአንዲት መበለት ቤት የጣራውን አፈር በየክረምቱ መደልደል ግን ምረቃ የለውም።

ዋናው ችግርም በዚህ ላይ ነው። የሐረር ቤት አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚያልቅ ሕንፃ ሳይሆን ዘወትር የሚታከም ነገር ነው። የአፈር ጣራ ዝናም በመጣ ቍጥር መታየት ይፈልጋል፤ ኖራው ይታደሳል፤ የመደቡ ቀለም ሲደበዝዝ ይቀባል። ይህን የሚያደርገው እጅ ሲጠፋ በምትኩ ቆርቆሮና ሲሚንቶ ይገባል። ከድንጋይና ከጭቃ የታነጸ ግድግዳ በክረምት የሚጠጣውን እርጥበት በበጋ መልሶ ያወጣል፤ በሲሚንቶ ሲለሰን ግን መውጫው ስለሚዘጋበት ውሃው በውስጡ ይቀራል፥ ጭቃውም ይላሽቃል። ከውጭ አዲስ የመሰለው ግድግዳ ከውስጥ ይበሰብሳል። ጥቂት ዓመት ቆይቶ ግድግዳው ሲያብጥ አሮጌውን አሠራር መውቀስ የተለመደ ነው፤ ወቀሳው የሚገባው ግን ለልስኑ ነው።

ሌላው ክርክር ከተማዪቱ ወደየትኛው ዘመን መልኳ ትመለስ የሚለው ነው። ለዚህ የሚሰጠው መልስ ብዙ ጊዜ «ወደ ጥንቱ» የሚል ሲሆን፥ ጥንቱ ግን አንድ አይደለም። ግንቡ በ16ኛው መቶ ዓመት በአሚር ኑር ዘመን ተሠራ፤ ርዝመቱም 3 ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ነው። በአምስቱ አሮጌ በሮች ላይ በ20ኛው መቶ ዓመት ለመኪና የሚሆን ስድስተኛ በር ተጨመረ። ከ1868 እስከ 1877 ዓ.ም. ግብፆች ገዟት። በጥር ወር 1879 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ከጨለንቆ ድል በኋላ ከተማዪቱን ሲይዙና ራስ መኰንን ሲሾሙባት፥ በፈረስ መጋላ የነበረው ታላቁ መስጊድ ፈርሶ በሥፍራው የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ተተከለ። ከዚያ በኋላ የገቡት የሕንድ ነጋዴዎች ደግሞ ፊታቸውን ወደ መንገድ ያዞሩ፥ ሰገነት ያላቸው ባለ ሁለት ፎቅ ቤቶች ሠሩ። ጌ ጋር ጀርባውን ለመንገድ ይሰጣል፤ የሕንዱ ቤት ግን መንገዱን ቁልቁል ይመለከታል። እንግዲህ ዛሬ «አሮጌው መሐል ከተማ» የሚባለው ራሱ በአንድ ወቅት፥ ያውም በጦር ኀይል፥ የተደረገ መልሶ ግንባታ ውጤት ነው። ይህን ታሪክ ፍቆ አንድ ንጹሕ የሐረሪ ከተማ ለማሳየት መሞከር ግድፈት ነው፤ የሆነውን ነገር ሳይናገሩ ሰገነቱን ብቻ ቀለም ቀብቶ ለእይታ ማቅረብም ከዚያ የሚያንስ ግድፈት አይደለም።

ለዚህ የራምቦ ቤት የተባለው ሕንፃ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ ከ1873 ዓ.ም. ጀምሮ እየተመላለሰ በሐረር ሲነግድ ኖሮ በ1883 ዓ.ም. ታሞ ወጣ፤ በዚያው በአውሮፓ ዓመት በማርሴይ ሞተ። በስሙ የሚጠራው ባለ ባለቀለም መስተዋት ቤት ግን የሕንድ ነጋዴ ያሠራው ሲሆን፥ የተሠራውም በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ገደማ ነው። ራምቦ ያልኖረበትና ሊኖርበት የማይችል ቤት በራምቦ ስም ታድሶ ተከበረ፤ ያሠራው ነጋዴና የሠሩት አናጢዎች ግን በስማቸው የሚታወሱበት ክፍል እንኳ የላቸውም። ቤቱ መዳኑ መልካም ነው፤ የእንጨት ሥራውም ሊታይ የሚገባው ነው። ነገር ግን ቅርስን ለማዳን የውጭ አገር ስም ያስፈለገበት መሆኑን አንባቢ ልብ ሊለው ይገባል።

ከዚህ የተሻለው ራስ ተፈሪ ይኖሩበት የነበረው ቤት ነው። ዛሬ በውስጡ የሸሪፍ ቤተ መዘክር ይገኛል። መሥራቹ አብዱላሂ ዓሊ ሸሪፍ ያከማቹት የእጅ ጽሑፍ፥ ገንዘብና ጌጥ ብዙ መሆኑ ብቻ አይደለም የሚያስመሰግነው፤ የተቀደደውን መጽሐፍ የመጠገንና በጥንቱ አደራረስ የመደጎስ ሥራ በዚያው ይሠራል። ሙያው ከዕቃው ጋር ተጠብቋል ማለት ነው። ይሁን እንጂ ቤተ መዘክሩ ከመግባቱ በፊት በዚያ ቤት በባህል መድኃኒት የታወቀ ሐኪም ከቤተሰቡ ጋር ይኖር ነበር። የራስ ተፈሪ ዘመን በእድሳቱ ሲታወስ የእርሱ ዘመን አይነሣም፤ የቤቱ ታሪክ ግን ሁለቱንም ይይዛል።

ከሁሉ የሚከብደው የባለቤትነት ነገር ነው። በሐምሌ ወር 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ፤ የወር ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑትም ቤቶች በቀበሌ እጅ ገቡ። አዋጁ ለድኻው ጣራ የሰጠ መሆኑ አይካድም። ለአንድ ቤተ ዘመድ የተሠራ ግቢ ግን ለብዙ ተከራይ ሲከፋፈል፥ አዳራሹ በጣውላ ሲጋረድ፥ ነደባው የአልጋ መዘርጊያ ወይም የምድጃ ቦታ ሲሆን፥ ቤቱ ሳይፈርስ ፈርሷል። ተከራዩ ቤቱ የእርሱ ስላልሆነ አይጠግንም፤ ቀበሌው ኪራዩ አነስተኛ ስለ ሆነ አይጠግንም፤ የቀድሞው ባለቤትም መብት ስለሌለው አይጠግንም። ሐረሮች ለሠርግና ለሐዘን የሚረዳዱበት አፎቻ የሚባለው ማኅበርም ሰፊ አዳራሽ ያለው ቤት ይፈልጋል፤ አዳራሹ ከተከፈለ የሚሰበሰቡበት ቦታ ያጣሉ። የአንድን መደብ መፍረስ የሥነ ሕንፃ ባለሙያ እንደ ጉዳት ሲመዘግበው፥ የባህል ተመራማሪ ግን ከመደቡ ጋር የተቋረጠውን ጉርብትና መመዝገብ ይገባዋል።

አንዳንድ ቤተሰቦች ቤታቸውን የእንግዳ ማረፊያ አድርገዋል። ይህን ንግድ ነው ብለው የሚነቅፉ አሉ። በእርግጥ የጎብኚው ሻንጣ በአሚር ነደባ ላይ ተጋድሞ ማየት ለሽማግሌ ደስ አያሰኝም። ነገር ግን እመቤቲቱ በቤትዋ ናት፤ ማን የት እንደሚቀመጥ ታውቃለች፤ መደቡን በራስዋ እጅ ትቀባለች፤ የጣራዋንም ወጪ ከእንግዳው ታገኛለች። ሰው ከሌለበት የታደሰ ቤት ይህ ይሻላል።

በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተጀምሮ ወደ ሌሎች ከተሞች የተስፋፋው የኮሪደር ልማት ለሐረርም ደርሷል። መንገድ መስፋቱ፥ መብራት መተከሉ፥ ግንቡ ከሩቅ መታየቱ የከተማውን ሰው የሚጠቅም መሆኑን መካድ አይቻልም። ይሁንና የጀጎል በሮች ለእይታ ብቻ የተከፈቱ አይደሉም። እያንዳንዱ በር ወደ አንድ አገርና ወደ አንድ የንግድ መንገድ የሚወጣ ነው፤ የኦሮሞና የአርጎባ ሴቶች እህሉን፥ አትክልቱን፥ ማገዶውን ይዘው የሚመጡት ወደ በሮቹ ነው። በሸዋ በርና በኤረር በር ያለው ገበያ ግንቡ በውስጥ ያለውንና በውጭ ያለውን ሕዝብ የለየበትና ያገናኘበት ቦታ ነው። ስለዚህ በበር ፊት ያለ አደባባይ ሲነጠፍ ሊቀርብ የሚገባው የመጀመሪያ ጥያቄ ጎመን የምትሸጠው ሴት በማግሥቱ የት ትቀመጣለች የሚል ነው። ጥያቄው የበጎ አድራጎት ብቻ አይደለም፤ እርስዋ ከሌለች በሩ በር መሆኑ ይቀራል።

በኅዳር ወር 2016 ዓ.ም. የሐረሮች የሸዋል ኢድ በዓል በማይዳሰስ ቅርስነት በዩኔስኮ ተመዘገበ። እንግዲህ ከተማዪቱ በአንዱ መዝገብ፥ በዓሏ በሌላው ሰፍረዋል፤ የሚጠብቋቸውም ሕጎች ልዩ ልዩ ናቸው። ነደባ ከሁለቱ መዝገቦች የትኛው ውስጥ እንደሚገባ መወሰን ያስቸግራል፤ አፈር ስለ ሆነ የሚዳሰስ ነው፥ የአቀማመጥ ሥርዓት ስለ ሆነ ደግሞ አይዳሰስም። እስካሁን የሠሩት አዳሾች ይህን ችግር አፈሩን በመጠበቅ አልፈውታል። ከእንግዲህ አንድ ቤት ሲታደስ ከግድግዳው ልክና ከቀለሙ ዐይነት ጋር፥ በእያንዳንዱ መደብ ማን ይቀመጥ እንደ ነበረ፥ ጣራውን ማን ይደለድል እንደ ነበረ፥ በየትኛው አፎቻ ሥር እንደ ነበረ ከነዋሪዎቹ አፍ መጻፍ አለበት። ሥራው ሊጀመር የሚገባውም በቀበሌ እጅ ካሉት፥ አዳራሻቸው በጣውላ ከተከፈለው ቤቶች ነው፤ በነዚያ ግቢዎች ከ1967 ዓ.ም. በፊት የነበረውን አቀማመጥ የሚያስታውሱት ሰዎች ዛሬ አርጅተዋልና።