ሽንኩርት ዘይት አይጠይቅም

ዱባይ ካራማ ሰፈር ውስጥ፣ ከሕንድ ጉጃራት የመጣ ቤተሰብ ዘንድ 7 ዓመት ምግብ ሠርቻለሁ። ከእኔ ጋር አምስት ነፍስ ነበርን፤ አባወራው፣ ማዳም፣ ወንድ ልጃቸውና «ባ» የምንላቸው አያት። ሥጋም እንቁላልም ቤቱን አይረግጥም፤ ቅቤውና እርጎው ባይኖር ዓመቱን ሙሉ ጾም ነው ማለት ይቻላል። እንዲህ ያለ ማዕድ ሰው ያሳምማል ብዬ አላሰብኩም ነበር። በሦስተኛው ዓመት አባወራው ከሐኪም ተመልሰው ስኳር እንደተገኘባቸው ነገሩን። ወፍራም የሚባሉ ሰው አይደሉም። እጅና እግራቸው ቀጭን፣ ትከሻቸው ጠባብ ነው፤ ሆዳቸው ብቻ ከሸሚዛቸው ቁልፍ ጋር ይታገል ነበር።

ይህ የእሳቸው ብቻ ችግር እንዳልሆነ የተረዳሁት በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የሁለት ሐኪሞች ፎቶ ጎን ለጎን ወጥቶ ነበር፤ አንዱ የሕንድ ፑኔው ቺታራንጃን ያጅኒክ፣ ሌላው የለንደኑ ጆን ዩድኪን። ክብደትን ከቁመት ጋር የሚያመዛዝነው ቢኤምአይ የሚሉት ልኬት ለሁለቱም እኩል 22.3 ነው። የሰውነታቸው ስብ ግን የዩድኪን 9.1፣ የያጅኒክ 21.2 በመቶ ሆኖ ተገኘ። የደቡብ እስያ ሰው ሳይወፍር ስብ ያዝላል፤ ያውም ሆዱ ላይ። ለዚህ ነው በሕንድ ሐኪሞች ዘንድ ጥንቃቄው ከ25 ሳይሆን ከ23 የሚጀምረው፤ የወንድ ወገብ ከ90፣ የሴት ከ80 ሴንቲ ሜትር ሲያልፍም ዝም የማይባለው። ሚዛን ላይ ወጥቶ «ደህና ነኝ» ማለት ለእነሱ አይበቃም።

ቤቱ መጀመሪያ ያደረገው ሁሉም የሚያደርገውን ነው። ማዳም የቅመሙን ሣጥን ወደ ላይኛው መደርደሪያ ሰቀለችው። ጠዋት አጃ፣ ማታ የተቀቀለ አትክልት ሆነ። አባወራው አሥር ቀን ያህል ታገሡ። ከዚያ አንድ ሌሊት የማድ ቤቱ መብራት በርቶ ባይ ተነሣሁ፤ በጨለማው ኮሪደር ሆኜ ሳይ፣ ቆመው ከቆርቆሮ ውስጥ ጋንትያ ይበላሉ። ጋንትያ ከሽምብራ ዱቄት ተቦክቶ በዘይት የሚጠበስ የጉጃራት መክሰስ ነው። ሳያዩኝ ተመለስኩ። አንጀቴን በሉት። ሰውየው የራባቸው እህል አልነበረም፤ ያደጉበት ጣዕም ነበር።

በማግስቱ የዘይቱን ጀሪካን መቁጠር ጀመርኩ። በወር ባለ 5 ሊትር ሁለት ጀሪካን ይገባል። ለአምስት ሰው ስናካፍለው ለእያንዳንዱ በቀን ከአራት የሾርባ ማንኪያ ይበልጣል። አንዱ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ደግሞ 120 ካሎሪ ገደማ ነው። ከጥብሱ የተረፈውን የምንደፋውን ብንቀንስ እንኳ፣ አንድ ሰው ሳይታወቀው የአንድ ማዕድ ያህል በዘይት ብቻ ይጠጣ ነበር ማለት ነው። ቅቤውን ገና አልቆጠርኩም።

ታዲያ ይህ ሁሉ ዘይት የት ይገባል? ብዙው ሽንኩርት ውስጥ ነው። ሕንዶቹ መጀመሪያ ዘይት ያግላሉ፣ ከሙን ያፈነዳሉ፣ ከዚያ ሽንኩርቱ በዘይቱ ይዋኛል፤ ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ቲማቲም ይከተላል። እኔ ደግሞ ያደግሁት ሽንኩርት በደረቅ ድስት ሲቁላላ እያየሁ ነው። እናቴ ሽንኩርቱን ብቻውን ታማስለዋለች፤ ሊይዝባት ሲል ጠብ ጠብ አድርጋ ውኃ ትረጫለች፤ ዘይቱ የሚመጣው ሽንኩርቱ ከተሸነፈ በኋላ ነው። ሽንኩርት በራሱ ውኃ ይበስላል፤ ዘይት አይጠይቅም። ዘይት የሚጠይቀው ቅመሙ ነው። የከሙን፣ የሰናፍጭና የካሪ ቅጠል መዓዛ አብዛኛው በውኃ አይሟሟም፤ ቅባት ይዞት ካልሄደ ድስቱ ውስጥ ተደብቆ ይቀራል። ለዚያ ግን ጥቂት ቅባት ይበቃል።

ስለዚህ ሁለቱን ሥራ ለየኋቸው። ሽንኩርቱን በደረቁ አቁላላሁ፤ ዘይቱን ለመጨረሻ አቆየሁት። በሂንዲ ታድካ፣ በጉጃራትኛ ቫጋር ይሉታል። ትንሽዋን ጭልፋ እሳት ላይ ትጥዳለህ፤ ለአምስት ሰው ዳል፣ ማለትም የክክ ወጥ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት። ሰናፍጩ መፈናጠር ሲጀምር ከሙኑን፣ ከሙኑ ቡኒ ሲመስል አንድ ደረቅ ቃሪያና በጣት ጫፍ የተቆነጠረ ሂንግ የሚሉት ቅመም፣ በመጨረሻ እሳቱን አጥፍተህ የካሪውን ቅጠል። ያን ጊዜ ጭልፋዋን ዳሉ ውስጥ ትነክራለህ። ቸስ ብሎ ይጮኻል፤ ወዲያው ክዳኑን። መዓዛው ታፍኖ ይቆይና ገበታው ላይ ክዳኑ ሲከፈት ይወጣል። ዘይቱ ከላይ ስለተንሳፈፈ ምላስ መጀመሪያ የሚያገኘው እሱን ነው። አባወራው የመጀመሪያውን ቀን ሲቀምሱ ማዳምን «ዘይት መለስሽ እንዴ?» አሏት።

አትክልቱ ላይ ግን ተቸገርኩ። ሕንዶች ቁሌቱ መብሰሉን የሚያውቁት ዘይቱ ከጠርዝ ተለይቶ ሲወጣ ነው። ዘይቱን ስቀንስ ምልክቱም አብሮ ጠፋብኝ። የሠራሁት ድንችና ባሚያ ጥሬ ጥሬ ይሸት ነበር፤ ልጁ ሳህኑን ገፋ አደረገው። ያወጡኝ ባ ናቸው። ዓይናቸው በሞራ ደክሟል፤ ወንበራቸው ከማድ ቤቱ በር አጠገብ ነው። እኔ ሳማስል እሳቸው ያሸታሉ። «ቤታ፣ ገና ነው» ይሉኛል። ቤታ ልጄ እንደማለት ነው። ምን እንደሚያሸቱ ጠየቅኋቸው። መጀመሪያ አፍንጫ የሚወጋው የነጭ ሽንኩርት ጥሬነት መሄድ አለበት፤ ከዚያ የቲማቲሙ ኮምጣጣነት፤ በመጨረሻ ድንብላሉ የተቆላ እህል ሲሸት ነው አሁን የሚሉት። ዓይኔ ደግሞ ሌላ አገኘ፤ ቁሌቱ ሲበስል ማማሰያውን ተከትሎ አንድ ላይ ይዞራል፤ የድስቱ መቀመጫም ሲገለጥ ለቅጽበት ሳይሸፈን ይቆያል። ሦስት ወር ፈጀብኝ። ከዚያ በኋላ እሳቸው «አሁን» ሲሉ እጄ እሳቱን እያጠፋ ይገኝ ነበር።

ሌላው የዳሉ ውፍረት ነው። ይህን ብዙ ሰው አያስተውለውም። የጉጃራት ዳል ቀጭን፣ ያልተጣራ የሸንኮራ ስኳር የገባበት፣ ጣፋጭና ጎምዛዛ ነው። ዳል ሲቀጥን ሩዝ ለማራስ ብቻ ይውላል፤ ሰውየው የሚጠግበው በሩዙ ነው። 100 ግራም ቱር የሚሉት ደረቅ ክክ 22 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለው፤ ቤቱ ግን ለአምስት ሰው አንድ እፍኝ ነበር የሚጥደው። ለአንድ ሰው 40 ግራም አደረግሁት። ዳሉ በማንኪያ የሚበላ ሆነ፤ ሩዙ ማንም ሳይከለክለው በግማሽ ቀነሰ። ቂጣቸው ፉልካም አለ፤ ስስ ነው፣ እሳት ላይ እንደ ፊኛ ይነፋል። ችግሩ እያንዳንዱ ላይ የሚቀባው ቅቤ ነው። ባ አንዱን ብቻ ቀብተው ከሌላው ጋር ፊት ለፊት ማሻሸት አሳዩኝ። ልጅ ሆነው ቅቤ ሲያጥር እናታቸው እንዲህ ያደርጉ ነበር።

አንድ ቀን ሕንድ ሱቅ ውስጥ ራጊ የሚል ከረጢት ከፍቼ ቆሜ ቀረሁ። ቀዩ አቧራማ ዱቄት፣ ሽታው፣ ሁሉም ዳጉሳ ነው። ዳጉሳ ከምሥራቅ አፍሪካ ደጋ፣ ከእኛ አካባቢ ተነሥቶ ከሺህ ዓመታት በፊት ሕንድ የገባ እህል ነው፤ የደቡብ ሕንድ ካርናታካዎች ገንፎ መሳይ ድብልብል አድርገው ይበሉታል። ባ አያውቁትም፤ የሰፈራቸው እህል ባጅራ ነው። በሳምንት ሁለት ቀን ከስንዴው ጋር ቀላቅዬ ጋገርኩት። ልጁ ጥቁር ነው ብሎ አልነካውም፤ አባወራው ወደዱት።

ሻዩ ላይ ብዙ አልቆይም። በቀን አራት ስኒ፣ ሁለት ሁለት ማንኪያ ስኳር ነበር፤ በየሳምንቱ ሩብ ማንኪያ ቀነስኩ፤ ማንም አልጠየቀኝም። የጋንትያውን ቆርቆሮ አልጣልኩትም፤ ጎኑ ላይ ዶክላ አስቀመጥኩ። ከሽምብራ ዱቄት የሚሠራ ነው፤ ግን በእንፋሎት ይበስላል፤ ከላይ ቫጋር ይፈስበታል። ያው አገር፣ ያው ዱቄት ነው፤ አንዱ ዘይት ውስጥ ይጠልቃል፣ ሌላው በውኃ እንፋሎት ይነፋል። ማታ ማታ ደግሞ ኪችዲ፣ ሩዝና ማሾ አብሮ የተቀቀለ፤ እራትም ከምሽቱ 4 ሰዓት ወደ 1 ሰዓት ተኩል መጣ።

በዓመቱ የወር ዘይታችን ከ10 ሊትር ወደ 4 ወረደ። አባወራው 7 ኪሎ ቀነሱ፤ መድኃኒታቸውን ግን በሐኪማቸው ትእዛዝ መዋጥ አላቆሙም፤ እኔም ድስቴ ያድንዎታል ብዬ አላውቅም።

በዓላቸው ዲዋሊ ሲደርስ ማዳም ለፑሪው፣ በዘይት ለሚጠበሰው ቂጣ፣ ዘይት እንድለካ ነገረችኝ። ባ ከወንበራቸው ተነሡ። እሳቸው ልጅ ሳሉ ፑሪ በዓመት ሁለትና ሦስት ቀን ብቻ እንጂ በየእሑዱ አይጠበስም ነበር፤ በበዓሉ ቀን ግን ብረት ድስቱ እስከ አፉ ይሞላል አሉኝ። እውነታቸውን ነው። የመለኪያ ማንኪያዬን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩ። ዘይቱን ሞላሁ፤ ፑሪዎቹ አንድ በአንድ እየተነፉ ወጡ። አባወራው አራት በሉ። በማግስቱ ኪችዲ ጣድኩ።