ኮሪደሩ የማን ነው?

አገር የሚያህል ጉዳይ ተቀምጦ ስለ ሆቴል ኮሪደር ብዕር ማንሣት ለአንዳንድ አንባቢ ሥራ ፈትነት ሊመስል ይችላል። አልፈርድም። እኔም እስካለፈው ሰመር ድረስ ኮሪደር ማለት ከሊፍት ወርጄ ክፍሌ እስክገባ የምረግጠው ምንጣፍ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ሐሳቤን ያስለወጠኝ መጽሐፍ ወይም ስብሰባ አይደለም፤ የገዛ ራሴ የባሕር ዳርቻ ወንበር ነው። እስቲ ታሪኩን ከመነሻው ልንገራችሁ።

በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ የምንኖር ሦስት ቤተሰቦች ልጆቻችንን ይዘን ወደ ሜሪላንዷ ኦሽን ሲቲ ሄድን። የቤይ ብሪጅን ሰልፍ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ስንደርስ አዋቂውም ሕፃኑም ተሰላችቶ ነበር። ባሕር ዳር ካለ አንድ ሪዞርት ሆቴል ስድስተኛ ፎቅ ላይ ተከታታይ አራት ክፍሎች ያዝን። ልትጠይቀን ከአዲስ አበባ የመጣችው እናቴም አብራን ነበረች። ዕድሜዋ 78 ነው፤ የምትራመደውም ባለ ጎማ መደገፊያ እየገፋች ነው።

በሁለተኛው ቀን ማታ የአራቱ ክፍሎች ደጃፍ ምን ይመስል እንደነበር ልዘርዝር። መንታ ሕፃናት ጎን ለጎን የሚቀመጡበት ጋሪ፣ አሸዋ የጠገቡ አራት ታጣፊ ወንበሮች፣ ትልቅ ጃንጥላ፣ በረዶ የሞላ ኩለር፣ የልጆች ስኩተር፣ በበር እጀታ ላይ የተንጠለጠሉ እርጥብ ፎጣዎች፣ የምግብ ትራፊ ያለበት የሩም ሰርቪስ ትሪ። ጫማማ በሰልፍ ነው። ጫማ በር ላይ ማውለቅ ልማዳችን ነው፤ አሸዋ ሲጨመርበት ደግሞ ማን ይከለክለናል? ልጆቹ ከክፍል ክፍል እንዲመላለሱ ተብሎም የሁለቱ ክፍሎች በር በውስጥ መቀርቀሪያው ተደግፎ እንዳይዘጋ ተደርጓል።

እናቴ ይህን ሁሉ አየችና፣ «እዚህ አገር ደጃፍ አይጠረግም እንዴ?» አለችኝ። ሳቅንባት።

በማግሥቱ ጠዋት ከበራችን ሥር አንድ ወረቀት ገብቶ አገኘን። ሆቴሉ ዕቃችንን ከኮሪደሩ እንድናነሣ ይጠይቃል። ቁርስ ላይ ጉዳዩ ወደ ሸንጎ ተለወጠ። አንዱ ወዳጃችን «ለአራት ክፍል ስንትና ስንት ከፍለን!» አለ። ሌላው «ጥቁር ስለሆንን ነው፤ ፈረንጅ ቢሆን ማን ይናገረዋል?» አለ። በዚህ አገር የኖረ ሰው ሁለተኛውን ጥርጣሬ ከመሬት ተነሥቶ የመጣ ነው ሊል አይችልም፤ እኔም አልልም። ነገር ግን ወደ ሊፍቱ ስሄድ ያው ወረቀት ዕቃ በተቀመጠባቸው የሌሎች እንግዶች በሮችም ሥር ብቅ ብሎ አየሁ። ለወዳጄ አልነገርኩትም። ዕቃውንም ሳናነሣ ወደ ባሕር ወረድን።

የዚያኑ ዕለት ሌሊት፣ ከስምንት ሰዓት ተኩል በኋላ፣ የእሳት ማንቂያው ጮኸ። እንዲህ ዓይነቱን ጩኸት ሰምቶ የማያውቅ ሰው በቢሮ የሚሰማው የልምምድ ደወል እንዳይመስለው፤ ጆሮ ብቻ ሳይሆን ጥርስ ያንቀጠቅጣል። ሊፍቶቹ ቆመዋል። ሚስቴ ልጆቹን ይዛ ቀደመች፣ እኔ እናቴን ይዤ ወጣሁ። አሥር እርምጃ ሳንሄድ የመደገፊያዋ ጎማ ከአንዱ ወንበር ማንገቻ ጋር ተጠላለፈ። ወንበሩ የእኔ ነው፣ እዚያ ያስቀመጥኩትም እኔ ነኝ። እናቴ ወደ ፊት ተንደረደረች፤ በክንዷ ያዝኳት። ከኋላችን ሰው ተሰልፏል፤ ከጎኑ የተደቀነው የመንታዎቹ ጋሪ ስለሆነ ማለፊያ የለም። አንድ የማላውቀው ሽማግሌ ፈረንጅ፣ በውስጥ ሱሪና በካናቴራ እንደሆነ፣ ምንም ቃል ሳይናገር ጋሪውን አንሥቶ ወደ ክፍላችን መልሶ ከተተው። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

እሳት አልነበረም። በሌላ ክፍል ያሉ ወጣቶች ፖፕኮርን አሳርረው ኖሯል፤ ጭሱ እንዲወጣላቸው በሩን ወደ ኮሪደሩ ከፈቱት። በብዙ ሆቴሎች በክፍል ውስጥ ያለው የጭስ ጠቋሚ እዚያው ክፍል ውስጥ ብቻ ይጮሃል፤ የኮሪደሩ ግን ሕንፃውን በሙሉ ይቀሰቅሳል። በወጣቶቹ ላይ ለመፍረድ አፌን ስከፍት አንድ ነገር ትዝ አለኝና ዘጋሁት። እኛም ለጠዋት ቡና ለመቁላት ስንመካከር «በሩን ከፈት እናደርገዋለን» ብለን ተስማምተን ነበር።

መሐንዲስ ሲያፍር ይለካል። ሜትር ስላልያዝኩ ጠዋት ላይ በዚያችው በማስጠንቀቂያ ወረቀት ኮሪደሩን ለካሁት። የአሜሪካ ወረቀት ቁመቱ 11 ኢንች ነው፤ ኮሪደሩ አምስት ወረቀት ተኩል ሆነ፣ ማለትም ወደ 60 ኢንች (152 ሳ.ሜ.)። የመንታዎቹ ጋሪ ወደ 30 ኢንች ይሰፋል። የቀረው 30 ኢንች ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው የአካል ጉዳተኞች መብት ሕግ መመዘኛዎች ለተሽከርካሪ ወንበር መተላለፊያ ቢያንስ 36 ኢንች ይጠይቃሉ። በአብዛኞቹ ግዛቶች የሚሠራበት የሕንፃ ኮድ ደግሞ ብዙ ሰው ለሚያስወጣ ኮሪደር ቢያንስ 44 ኢንች ይላል፤ ይህም ስፋት ምንም ነገር ሳይጋርደው ነው። ስለዚህ «ዳር ላይ ነው ያስቀመጥነው፣ ማንንም አይነካም» የሚለው መከራከሪያችን በቁጥር ሲታይ ውድቅ ነው። ኮሪደሩን የነደፈው መሐንዲስ ያሰላው ቀን ቀን አንድ ሁለት ሰው ሲያልፍበት አይደለም፤ ፎቁ በሙሉ በአንድ ጊዜ፣ በጨለማ፣ በድንጋጤ ሲወጣበት ነው።

«ይህ ሁሉ ለፎጣና ለወንበር?» የሚል ካለ፣ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 7 ቀን 1946 በአትላንታ የተቃጠለውን የዋይንኮፍ ሆቴል ታሪክ ያንብብ። ባለ 15 ፎቅ ነበር፤ «እሳት አይነካውም» እየተባለም ይተዋወቅ ነበር። ከላይ እስከ ታች የነበረው መውጫ ደረጃ አንድ ብቻ ነው። 119 ሰዎች አለቁ፤ በአሜሪካ የሆቴል ቃጠሎ ታሪክ እስከ ዛሬ የሚተካከለው የለም። እሳቱን ማን ወይም ምን እንዳስነሣው ዛሬም ያከራክራል። መነሻ ነው የተባለው ቦታ ግን ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ በደረጃው አጠገብ ያለው ኮሪደር ነው፤ እዚያም ለጊዜው ተብሎ የተቀመጠ ፍራሽና ወንበር ነበር። «ለጊዜው» የምትለዋን ቃል ልብ በሉልኝ። እኛም ዕቃችንን ያስቀመጥነው ለጊዜው ነበር።

በሩን ከፍቶ መተውም እንደዚሁ ነው። እ.ኤ.አ. ኅዳር 21 ቀን 1980 በላስ ቬጋስ ኤም.ጂ.ኤም. ግራንድ ሆቴል እሳቱ የተነሣው ምድር ቤት ካለ ምግብ ቤት ነው። ከሞቱት 85 ሰዎች አብዛኞቹን የገደለው ግን ነበልባል ሳይሆን ጭስ ነው፤ ከእሳቱ ብዙ ፎቅ ርቀው ሳለ በክፍላቸው፣ በኮሪደሩና በደረጃው ላይ ደረሰባቸው። ሆቴል ባይሆንም በኒው ዮርክ ብሮንክስ እ.ኤ.አ. ጥር 9 ቀን 2022 የሆነውም ይህንኑ ያስተምራል። በአንድ አፓርታማ የተነሣ እሳት ጭሱ ባልተዘጋ በር ወጥቶ 17 ሰዎችን ገደለ፤ ብዙዎቹ እንደ እኛው ከአፍሪካ፣ ከጋምቢያ የመጡ ቤተሰቦች ነበሩ። የሆቴል በር ከብዶ በራሱ የሚዘጋው ቁልፋችንን ረስተን እንድንናደድ አይደለም። እሳትና ጭስን ለተወሰነ ደቂቃ እንዲያግድ ነው። በመቀርቀሪያ ወይም በጫማ የተደገፈ በር ግን ከቀዳዳ አይሻልም።

ፍርዱ ሚዛናዊ እንዲሆን ሆቴሎቹንም መናገር አለብኝ። በተለያየ ስም ተጨማሪ ክፍያ ይጠይቃሉ። «ሪዞርት ፊ» የሚሉት ክፍያ ከሜይ 2025 ጀምሮ በፌዴራል ደንብ ከዋጋው ጋር ተደምሮ አስቀድሞ እንዲታይ ተደረገ እንጂ አልቀረም። ቤተሰብ ይዛችሁ ኑ ብለው ያስተዋውቃሉ፤ ጋሪ ማስቀመጫ ግን የላቸውም። ባሕር ዳር ሠርተው አሸዋ የሚታጠብበት ቧንቧ አንድ ብቻ ይተክላሉ። ትሪው እንዲነሣ ደውለን እንኳ ለሰዓታት የሚመጣ የለም፤ የጽዳት ሠራተኞቻቸው የአንሶላ ጋሪ ራሱ ግማሽ ቀን ኮሪደሩን ይዞ ይቆማል። ከሁሉም በላይ ያቺ ወረቀት «አንሡ» ትላለች እንጂ ለምን እንደሆነ አትናገርም። «ጎረቤትዎ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄዱ ሊሆኑ ይችላሉ» የምትል አንዲት ዐረፍተ ነገር ብትጨመርባት ኖሮ በቁርስ ላይ የተነሣው ክርክር ግማሹ ይቀር ነበር። ምክንያቱ ያልተነገረው ሰው ምክንያቱን ራሱ ይፈጥራል።

ይሁን እንጂ የሆቴሉ ጥፋት የእኛን አይሽረውም። እኛ ሐበሾች በእንግዳ አቀባበል የምንታማ አይደለንም። እንግዳ ሲመጣ አልጋ ለቅቀን መሬት እንተኛለን፤ በእንግድነት ስንሄድም ከወንበራችን ጫፍ ላይ ተቀምጠን «አይቸገሩ» እንላለን። ችግሩ ይህ ጨዋነታችን ሁልጊዜ ባለቤት ይፈልጋል። የምናፍረው የቤቱን ጌታ ወይም እመቤቲቱን ነው። ሆቴል ውስጥ ግን የምናፍረው ባለቤት አይታየንም፤ ስለዚህ ከፍዬበታለሁ ብለን ጨዋነታችንን ከመኪናው ጋር ፓርኪንግ ላይ እንተወዋለን። የረሳነው ነገር በሆቴል ውስጥ ባለቤት ባይኖርም ጎረቤት መኖሩን ነው። ያ ሽማግሌ የአንድ ሌሊት ጎረቤቴ ነበር። እሱም እንደ እኔ ከፍሏል፤ ኮሪደሩን የገዛነው ሁላችንም በጋራ ነው።

«የጋራ» የሚለው ቃል ደግሞ ከአገር ቤት ጀምሮ ያስቸግረናል። ባለፉት 20 ዓመታት በአዲስ አበባ በተሠሩት ኮንዶሚኒየሞች መተላለፊያው ላይ በርሜልና ጀሪካን የተደረደረበትን ፎቅ ያላየ ማን አለ? እዚያ እንኳ ምክንያት አለው፤ ውኃው የሚመጣው በፈረቃ ነው። ኦሽን ሲቲ ላይ ውኃ አልጠፋብንም፤ የጠፋብን አንዲት የክፍል ጥግ ለወንበር መልቀቅ ነው።

እናቴ የጠየቀችውን ጥያቄ አሁን ሳስበው የገጠር ሴት የዋህነት አልነበረም። ባደግሁበት ሰፈር እናቶች ጎሕ ሲቀድ ተነሥተው በመጀመሪያ የሚጠርጉት ደጃፋቸውን ነበር። ደጃፍ ደግሞ የቤቱ ብቻ አይደለም፤ አላፊ አግዳሚ ይረግጠዋል፣ ለቅሶ የሚደርስም፣ ምጥ የያዛትን የሚሸከምም ያልፍበታል። ያልተጠረገ ደጃፍ ያለው ቤት በሰፈሩ ይታማል። ስለዚህ ከፈረንጅ ኮድ በፊት ኮዱ በእጃችን ነበር ማለት ነው። የሆቴል ኮሪደር የ30 ቤት ደጃፍ ነው፣ ሌላ ምሥጢር የለውም።

ከእንግዲህ በእኛ ቡድን የተስማማንበት አጭር ነው። ጋሪና ወንበር ታጥፎ ክፍል ይገባል፤ ካልገባ መኪና ውስጥ ያድራል። ጫማ ከበሩ በስተውስጥ ይወልቃል። ትሪ ተደውሎ እስኪወሰድ ክፍል ውስጥ ይቆያል። በር አይደገፍም፤ ልጆች ያንኳኩ። ስኩተርም ሆነ ባትሪ ያለው ማንኛውም ነገር መተላለፊያ ላይ ቻርጅ አይደረግም። ክፍል እንደገባን ከበራችን እስከ መውጫ ደረጃው ስንት በር እንዳለ ልጆቹ ይቆጥራሉ፤ በጭስ ውስጥ ዓይን ሲከዳ እጅ ግድግዳውን ዳስሶ ይቆጥራልና።

«ከፍለናል» ያለው ወዳጄ ይህን ሁሉ ሰምቶ፣ «ታዲያ ይኼ ዕረፍት ነው ወይስ ውትድርና?» ብሎኛል። መልስ የሰጠችው እናቴ ናት። «ደጃፍ መጥረግ ያደከመው ሰው አላየሁም» አለችው። በመጨረሻው ቀን ጠዋት እኛ ሻንጣ ስናስር እሷ መደገፊያዋን እየገፋች ኮሪደሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄዳ ተመለሰች። ምንም አላደናቀፋትም።

ቸር ይግጠመን።